ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ፦ እንዴት ይለካል፣ እንዴት ይጠባል፣ የቀረውስ እንዴት ይታለፋል?

ጎን ለጎን ከተላተሙ ሹፌሮች አፍ የሚሰማው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ስፖኪዮ አይቻለሁ፤ ማንም አልነበረም።» ውሸት አይደለም። ስፖኪዮው ውስጥ በእርግጥ ማንም አልነበረም፤ የተጋጨው ሞተር ሳይክል የነበረው ስፖኪዮው በማይደርስበት ቦታ ነው። አብዛኛው ሹፌር እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለ ያውቃል። በራሱ መኪና ላይ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ግን እጁን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ «እዚያ አካባቢ» ይላል። ይህ መመሪያ «እዚያ አካባቢ» የሚባለውን በሜትር ለማወቅ ነው።

ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ከደረጃ 5 ጀምሮ ያለው መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚደገም ነው። ብስክሌተኛና እግረኛ የሆናችሁ ደረጃ 3ን አንብባችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 እና 9 እለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜዳማና መኪና የማይመላለስበት ቦታ። ሰፊ ግቢ ወይም እሁድ ጠዋት ባዶ የሆነ የመኪና ማቆሚያ ይበቃል። ዳገት ላይ አትለኩ፤ ልኬቱ ይሳሳታል።
- አንድ ረዳት ሰው። ልጅ አታሠማሩ።
- 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ልክ 1 ሜትር ላይ የተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረበት። እንጨቱ የትንሽ ልጅን ቁመት ይወክላል።

መስታወቶቹን በውስጥም በውጭም እጠቡ። የውስጥ ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ አውርዱ፤ መቁጠሪያም፣ ሽቶም፣ አሻንጉሊትም ቢሆን። መስቀል ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ አኑሩት፣ ክብሩ አይቀንስም። የፊት መስታወቱ ግርጌ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ የጎን መስታወት ላይ ያለ መጋረጃና ጥቁር ላስቲክ የማይታየውን ቦታ በገዛ እጅ ማስፋት ነው። ሚኒባስ ላይ ደግሞ ከተንሸራታቹ በር ፊት ያለውን መስታወት ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያና ታሪፍ የሚለጠፈው ሹፌሩ ወደ ቀኝ አሻግሮ የሚያይበት ቦታ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወንበር

ስፖኪዮ የሚስተካከለው ለዓይናችሁ ስለሆነ ዓይናችሁ የሚውልበት ቦታ መጀመሪያ መወሰን አለበት።

1. ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ። ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ወንበሩን ወደ ፊት አምጡ።
2. ጀርባችሁን ከወንበሩ ሳታላቅቁ እጃችሁን መሪው አናት ላይ ዘርጉ። መሪው ላይ ማረፍ ያለበት የእጃችሁ አንጓ ነው።
3. ወንበሩ ከፍ የሚል ከሆነ ጭንቅላታችሁና ጣሪያው መካከል አራት ጣት እስኪቀር ከፍ አድርጉት። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ከኮፈኑ ፊት የሚደበቀውን መሬት በግልጽ ያሳጥራል።

ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ጠንካራና የማይንሸራተት ትራስ ተጠቀሙ። ለስላሳ ስፖንጅ ጠዋት ከፍ አድርጎ ማታ ያሰምጣል፤ ስፖኪዮውም አብሮ ይበላሻል። አንድን ታክሲ ሁለት ሹፌር የሚፈራረቅበት ከሆነ እያንዳንዱ ተረኛ ሲረከብ ወንበርና ስፖኪዮ እንደ አዲስ ይስተካከላል። «ሲደርስ አስተካክለዋለሁ» አይሠራም፤ የሚስተካከለው ቁልፍ ሳይዞር ነው።

ደረጃ 2፦ ስፖኪዮ ማስተካከል

*ለቤት መኪና (የኋላ መስታወቱ ክፍት ለሆነ)*

ብዙ ሰው የጎን ስፖኪዮውን የሚያስተካክለው የራሱን የኋላ በር እስኪያይ ድረስ ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስቱም ስፖኪዮዎች ከኋላ ያለውን አንድ መንገድ ደጋግመው ያሳያሉ፣ ጎን ያለውን መስመር ግን አንዳቸውም አያሳዩም። የራሳችሁ በር የትም አይሄድባችሁም፣ እሱን መጠበቅ አያስፈልግም።

1. የውስጥ ስፖኪዮ፦ ጭንቅላታችሁን ሳታንቀሳቅሱ የኋላ መስታወቱ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጉ።
2. የግራ ስፖኪዮ፦ ጭንቅላታችሁን የግራውን መስታወት እስኪነካ ድረስ አዘንብሉ። በዚያ እንዳላችሁ የመኪናችሁ ጎን በቀጭኑ፣ ልክ ጠርዙ ብቻ እስኪታይ ስፖኪዮውን ወደ ውጭ ግፉት።
3. የቀኝ ስፖኪዮ፦ አሁን ጭንቅላታችሁን ወደ መኪናው መሐል፣ ከእጅ ፍሬኑ ትይዩ አዘንብሉ። በተመሳሳይ የቀኙ ጎን ጠርዝ ብቻ እስኪታይ አስተካክሉ።
4. ወደ ላይና ወደ ታች፦ ሰማይና መሬት የሚገናኙበት መስመር ስፖኪዮው መሐል ላይ ይዋል።

ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁ መኪና ከጎን ስፖኪዮዎቹ ጠፍቷል። ብዙ ሰው የሚደነግጠውና ወደ ድሮው የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። አትመልሱ፣ ፈትሹት።

ፈተናው ቀላል ነው። መንገድ ዳር ቁሙና በግራችሁ የሚያልፈውን መኪና ተከታተሉ። ከውስጥ ስፖኪዮ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ የግራው ስፖኪዮ ላይ መግባት አለበት፤ ከግራው ስፖኪዮ ሳይወጣ ደግሞ በዓይናችሁ ጥግ መታየት መጀመር አለበት። ከውስጥ ወደ ጎን ሲሻገር ለአፍታ ከጠፋ ጎኑን ከመጠን በላይ ገፍታችሁታል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ መልሱ። ከጎን ስፖኪዮ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ ጥግ ሲሻገር ከጠፋ ገና ወደ ውጭ ይቀረዋል።

*ለሚኒባስ፣ ለፒክአፕ፣ ለአይሱዙና ለሌላ የጭነት መኪና*

ከላይ ያለው ዘዴ የሚሠራው የውስጥ ስፖኪዮ የኋላውን መንገድ ሲያሳይ ብቻ ነው። ተሳፋሪ ወይም ዕቃ ከጋረደው ከኋላ ያለውን የሚነግሯችሁ የጎኖቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከስፖኪዮው ወርድ አንድ አሥረኛ ያህሉ የመኪናውን ጎን ያሳይ፣ የቀረው መንገዱን። የኋላ ጎማችሁ መሬት የሚነካበት ቦታም መታየት አለበት። የጭነት መኪና ላይ ከዋናው በታች ያለው ሰፊ አሳይ ስፖኪዮ፣ ከቀኝ በር በላይ ወደ መሬት የሚያየውና ከጋቢናው ፊት ያለው ለጌጥ የተሰቀሉ አይደሉም። ከተሰበሩ መኪናው አይውጣ።

*የተለወጠ መስታወት ከሆነ*

ስፖኪዮው ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ መስታወት ቤት አስቆርጣችሁ ካስገጠማችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ይህ ነው፦ ከኋላችሁ ያለ መኪና በውስጥ ስፖኪዮና በጎኑ እኩል ከታየ የጎኑ ጠፍጣፋ ነው። በጎኑ አንሶ ከታየ ጎበጥ ያለ ነው። ጎበጥ ያለው ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ግን የሚመጣውን መኪና ራቅ ያለ ያስመስለዋል፤ ርቀቱን በውስጡ ስፖኪዮ አረጋግጡ። ጠፍጣፋው ርቀትን አይዋሽም፣ የሚያሳየው ስፋት ግን ያንሳል፤ ስለዚህ በደረጃ 3 ልኬቱ እንደሚሰፋ ጠብቁ። አንዱ ጎን ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ ከሆነ ዓይን ይደናገራልና ጥንድ አድርጋችሁ ለውጡ።

ተለጣፊዋን ትንሽ ክብ መስታወት መጨመር ጥሩ ነው። የስፖኪዮውን ውጪኛ ጥግ በአልኮል ጠርጉ፣ ይድረቅ፣ 30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ለአንድ ቀን አትጠቡት። መሐል ላይ መለጠፍ ዋናውን መስታወት ማበላሸት ነው።

ደረጃ 3፦ መለካት

ሞተር ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ቁልፉ ተነቅሎ በረዳቱ ኪስ ይግባ። ሹፌሩ ቀበቶ አስሮ እንደሚነዳ ሆኖ ይቀመጥ፤ አንገቱን አስግጎ «አየሁት» ማለት ራስን ማታለል ነው።

1. ፊት፦ ረዳቱ እንጨቱን ባምፐሩ መሐል አስጠግቶ ቀጥ አድርጎ ያቁም። ሹፌሩ ጨርቁን እስኪያይ ድረስ እንጨቱን እያራቀ ይሂድ። በታየበት ቦታ መሬት ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ከባምፐሩ ያለው ርቀት ይለካ።
2. የፊት ቀኝና የፊት ግራ ማዕዘን፦ ከባምፐሩ ጫፍ በሰያፍ በመውጣት ተመሳሳዩን ይድገም።
3. ቀኝ ጎን፦ ረዳቱ ከመኪናው 1 ሜትር ርቆ፣ እንጨቱን ይዞ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይራመድ። ሹፌሩ በስፖኪዮና በመስታወት ብቻ ይከታተለው። ሲጠፋበት «ጠፋ»፣ ዳግመኛ ሲታየው «መጣ» ይበል። ሁለቱም ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ። ከዚያ በ2 ሜትር ርቀት ይደገም።
4. ግራ ጎን፦ እንደ ቀኙ።
5. ኋላ፦ እንጨቱ ከኋላ ባምፐር ተነሥቶ በማንኛውም ስፖኪዮ እስኪታይ ይራቅ።

ምልክቶቹን በጠመኔ አገናኙና ሹፌሩ ወርዶ ይይ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ፤ ረዳቱም ከላይ ሆኖ ይመልከት። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የፀሐይ መከላከያው ላይ ለጥፉ።

ልኬታችሁ እውነት መምሰሉን በሒሳብ ማጣራት ይቻላል። ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ የጭነት መኪና እንውሰድ። የሹፌሩ ዓይን ከመሬት 2.4 ሜትር፣ የፊት መስታወቱ ግርጌ 1.9 ሜትር፣ በዓይንና በግርጌው መካከል ያለው አግድም ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዓይኑ ከመኪናው አፍንጫ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ዕይታው በየ70 ሴንቲ ሜትሩ በ50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ 1 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርሰው ከአፍንጫው 1 ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ መሬት የሚነካው ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ርቆ። የፊት ስፖኪዮ ከሌለ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ልጅም ሆነ የወደቀ ሳንቲም ለማንሣት ያጎነበሰ ትልቅ ሰው ከባምፐሩ ፊት አጠገብ ሆነው አይታዩም። የቤት መኪና ሹፌሮችም አትኩሩ፤ ከኋላ የምትለኩት ያስደነግጣችኋል።

*የፊት መስታወቱ ምሰሶ*

ይህን በጠመኔ ከመለካት ማስላት ይሻላል። ምሰሶው 10 ሴንቲ ሜትር ቢወፍርና ከዓይናችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በሁለት ዓይን እያያችሁም 20 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይጋርዳል። ቆሞ ላለ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ መኪናው ሲጠጋ ከምሰሶው ጀርባ ብቅ ይላል። አደገኛው፣ እናንተም እሱም ወደ አንድ ነጥብ እኩል የምትገሰግሱበት ጊዜ ነው፤ ሰውዬው እርምጃ በእርምጃ ከምሰሶው ጋር አብሮ ይሄድና እስከ መጨረሻዋ ሴኮንድ አይታይም። መሪው በግራ በመሆኑ ለዓይናችሁ የሚቀርበው የግራው ምሰሶ ነው፤ አደባባይ ላይ ቅድሚያ ልትሰጡት የሚገባው መኪናም የሚመጣው ከዚያው ከግራ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አደባባይና ዜብራ ከመግባታችሁ በፊት ከወገባችሁ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሱ። አንገት ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ምሰሶው ዓይናችሁ ከቦታው ካልተነሣ አይለቅም።

ደረጃ 4፦ ልኬቱን ወደ ልማድ መለወጥ

ከልኬታችሁ ውስጥ ትልቁን ቁጥር ያገኛችሁበትን ጎን ለዩ። ለአብዛኛው የጭነት መኪናና ሚኒባስ ቀኝ ነው፤ ዓይኑ በግራ ስለተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ምርመራችሁ ሁልጊዜ እዚያ ጎን ይለቅ። የመጨረሻዋ ዕይታ የቅርቡን እውነት ትይዛለችና ለደካማው ጎን አስቀምጧት።

ደረጃ 5፦ መስመር መቀየርና ከዳር መነሣት

1. የውስጥ ስፖኪዮ።
2. የምትሄዱበት ጎን ስፖኪዮ።
3. ፍሬቻ። ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል መሪ አትንኩ።
4. በትከሻ ላይ አጭር ዕይታ፣ አገጫችሁ ትከሻችሁ ላይ እስኪደርስ ብቻ።
5. ባዶ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ግቡ።

4ኛው ላይ ጥንቃቄ፦ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ነው። ከፊታችሁ ያለው መኪና ከተጠጋ አትዙሩ፤ መጀመሪያ ርቀት ፍጠሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ያያሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ የድሮውን ዕይታ አምነው ይገባሉ። ሦስት ሴኮንድ ካለፈ ከ1 ጀምሩ።

ታክሲ ከፌርማታ ሲነሣ «ሳበው!» የሚለው የረዳት ድምፅ ስፖኪዮ አይተካም፤ ረዳቱ የሚያየው የቀኙን ብቻ ነው። በሩ ይዘጋ፣ የግራ ስፖኪዮ፣ ትከሻ፣ ከዚያ ከመነሣት በፊት የፊት ቀኝ ማዕዘን። አሁን የወረደው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል በፊታችሁ ይሻገራል።

ቆማችሁ በር ስትከፍቱ የግራውን በር በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ሰውነታችሁ ሳይወድ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የሚመጣውን ብስክሌት ታያላችሁ።

ደረጃ 6፦ በትልቅ መኪና ወደ ቀኝ መታጠፍ

እዚህ ደረጃ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ስህተቱ በኤሊ ፍጥነት ተፈጽሞ ሰው የሚሞትበት ቦታ ነው።

የኋላ ጎማ የፊቱን ጎማ ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 5 ሜትር ያለው መኪና የፊት ጎማው ከመሐሉ 10 ሜትር በሚርቅ ክብ ቢዞር የኋላው ከ1.3 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። ተሳቢ ካለው ከዚህም ይብሳል። የፊት ጎማው በሰላም ያለፈው ብስክሌተኛ በኋላው ጎማ የሚያዘው ለዚህ ነው።

1. ከመታጠፊያው 50 ሜትር ሲቀር ፍሬቻ አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ።
2. የመኪናችሁ ርዝመት እስከፈቀደ ቀኙን ይዛችሁ ቁሙ። በጎናችሁና በጠርዙ መካከል ብስክሌት የሚያስገባ ክፍተት ከተዋችሁ አንድ ሰው መግባቱ አይቀርም። ለማዞር ወደ ግራ መውጣት ግድ ከሆነ ዘግይታችሁ፣ የቀኝ ፍሬቻ እየበራ ውጡ። ያለ ፍሬቻ ወደ ግራ የወጣን መኪና ያየ ሞተረኛ «ቀጥ ሊል ነው» ብሎ በቀኝ ይገባል።
3. 15 ሜትር ሲቀር፦ ዋናው የቀኝ ስፖኪዮ፣ ሰፊ አሳዩ፣ ወደ መሬት የሚያየው። በዚህ ቅደም ተከተል።
4. መብራት ይዟችሁ ከቆማችሁ ያያችሁት ሁሉ አርጅቷል። ፍሬን ከመልቀቃችሁ በፊት የፊቱን ስፖኪዮ፣ ግራን፣ በመጨረሻ ቀኝን እንደገና እዩ።
5. በሰው እርምጃ ፍጥነት ታጠፉ። እየዞራችሁ ሁለት ጊዜ ቀኝ ስፖኪዮን እዩ፤ አንዴ ሲጀምር፣ አንዴ የኋላ ጎማው ጥጉ ላይ ሲደርስ።
6. ቅድም ያያችሁት ብስክሌተኛ ወይም ልጅ አሁን ከሌለ ቁሙ። «አልፎ ይሆናል» ብሎ መገመት የለም። ረዳት ካለ ይውረድ፣ ከሌለ እናንተ ውረዱ።

አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማት የተሠሩ ብዙ መንገዶች የብስክሌት መስመር አላቸው። በቀኝ የምትታጠፍ የቤት መኪናም ብትሆን ይህን መስመር ታቋርጣለች፤ ብስክሌተኛው ደግሞ ቀጥ እያለ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የነዳ ይህን ለምዶታል። ሌላው ግን የቀኝ ትከሻውን ማየት ገና መልመድ አለበት።

ድንገት «ጓ» የሚል ድምፅ ወይም ጩኸት ከሰማችሁ

ወዲያው ቁሙ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንድ ጣት አትሂዱ፤ «ላላቅቀው» ብሎ ማንቀሳቀስ የተረፈውን መግደል ነው። ሰው የሚሰጣችሁን ትእዛዝ አትስሙ። የእጅ ፍሬን፣ ሞተር ማጥፋት፣ የአደጋ መብራት፣ መውረድ፣ ከሥር ማየት። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። እሳት ወይም ሌላ የሚመጣ አደጋ ከሌለ የተጎዳውን አትጎትቱ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጠንክራችሁ ተጭናችሁ ያዙ።

ደረጃ 7፦ ወደ ኋላ መሄድ

ምርጡ ዘዴ በኋላ ወደ መንገድ አለመውጣት ነው። ግቢ ስትገቡ በኋላ ግቡ፤ ስትወጡ በፊት ውጡ። ማታ ስትገቡ ያያችሁትን ቦታ ትይዛላችሁ፤ ጠዋት ግን ልጆች፣ ተላላኪና መንገደኛ ያለበትን መንገድ በጀርባ አትቀበሉም።

ግድ ከሆነ፦

1. መኪናውን ዞራችሁ እዩ፣ ከሥሩም ጎንበስ በሉ። ወጥታችሁ የቆየ ወሬ ከጀመራችሁ እንደገና ዙሩ።
2. መስታወት ዝቅ፣ ሬዲዮ ዝም።
3. አንድ አመልካች ብቻ ምረጡ። ሦስት ሰው «ና! ና! ና!» ሲል አራተኛው «በቃ!» ያለው አይሰማም።
4. አመልካቹ በግራ፣ ከኋላ ጥግ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ በስፖኪዮ ፊቱ እየታየ ይቁም። ከመኪናው ቀጥታ ጀርባ በፍጹም አይቁም።
5. ምልክት ተስማሙ፦ የተከፈተ መዳፍ ከፍ ሲል ቁም።
6. አመልካቹ ከስፖኪዮ በጠፋባት ቅጽበት ፍሬን።

የኋላ ካሜራ ጥሩ ነው፣ ግን ጎን አያሳይም። በክረምት ሌንሱ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ምስሉን ሳያጠፋ ያደበዝዘዋል፤ ምስል ስላለ ብቻ አትመኑት። በየጠዋቱ ጥረጉት።

ደረጃ 8፦ ለብስክሌተኛ፣ ለሞተረኛና ለባጃጅ

- የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ስላያችሁት ግን አይቷችኋል ማለት አይደለም፤ ዓይኑ ወደ እናንተ መዞር አለበት።
- መታጠፊያ ላይ በትልቅ መኪና ቀኝ በፍጹም አትግቡ፤ ክፍተቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስል። ክፍተቱ መኪናው መዞር ሲጀምር ይዘጋል።
- መብራት ላይ ከትልቅ መኪና ኋላ 5 ሜትር ርቃችሁ፣ ከመስመሩ መሐል ቁሙ። ከፊቱ መቆም ካለባችሁ ቢያንስ 3 ሜትር ቅደሙ፤ ባምፐሩ ሥር መቆም ከመደበቅ አይለይም።
- ከቆሙ መኪናዎች 1.5 ሜትር ራቁ። በር ይከፈታል።
- ከጎኑ እያላችሁ መዞር ከጀመረ አትሽቀዳደሙ። ፍሬን ያዙ፣ ወደ ጠርዙ ዝለሉ፣ ሳይክሉን ተዉት። ሳይክል ይገዛል።

ባጃጅ ጎማው ትንሽ፣ ቁመቱም አጭር በመሆኑ ከአይሱዙ ቀኝ ጎን ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። ሦስት ተሳፋሪ ይዛችሁ እዚያ አትቆዩ፤ ወይ እለፉ ወይ ወደ ኋላ ቅሩ።

ደረጃ 9፦ ለእግረኛ

ከታክሲ ወይም ከአውቶቡስ ስትወርዱ ከፊቱ አትሻገሩ። የራሱ ሹፌር ላያያችሁ ይችላል፣ በግራው የሚያልፈው መኪና ደግሞ በጭራሽ አያያችሁም። ተሽከርካሪው ይሂድ፤ 20 ሴኮንድ ብትጠብቁ ነው።

ሰፊ መንገድ ላይ ያለ ዜብራ ላይ አንዱ መኪና ስለቆመላችሁ ሁለተኛው መስመር ቆሟል ማለት አይደለም፤ የቆመው መኪና እናንተን ከሁለተኛው ሰውሯችኋል። ከቆመው መኪና ጠርዝ ጋር ቁሙ፣ አንገት ብቻ አውጡ፣ ሁለተኛው መቆሙን ካያችሁ በኋላ ተራመዱ። ሹፌሮችም፦ አጠገባችሁ ያለው ዜብራ ላይ ከቆመ፣ ምክንያቱ ባይታያችሁም ቁሙ።

የኋላ ነጭ መብራቱ የበራ መኪና ጀርባ አትለፉ። በቆሙ ሁለት ጭነት መኪናዎች መካከል አትሻገሩ። ልጅ ስትይዙ ጣቱን ሳይሆን አንጓውን ያዙ፣ ከመኪናው በራቀው ጎን አድርጉት። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚመጣባችሁን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ።

ደረጃ 10፦ ማታና ክረምት

ከፊት የሚመጣ መኪና መብራትና የእናንተ መብራት በተገናኙበት መሐል የቆመ ሰው ይጠፋል፤ ጥቁር የለበሰ ከሆነ ፈጽሞ። የመጪው መብራት ዓይናችሁን ሲመታ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ እዩና ፍጥነት ቀንሱ። መብራቱ ካለፈ በኋላም ዓይን እስኪመለስ ጥቂት ሴኮንድ ይፈልጋል። ከተማ ለቃችሁ ስትነዱ ይህ ቦታ ጋሪና የሚነዳ ከብት የሚገኝበት ነው። እግረኛ ነጠላውን ከላይ ቢያደርግ፣ ብስክሌተኛ ከኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ ቢያስር ከሩቅ ይለያል።

በዝናብ የጎን መስታወት ጭጋግ ሲለብስ ስፖኪዮው ይሥራ አይሥራ ለውጥ የለውም። ማቀዝቀዣውን ከሙቅ አየር ጋር ወደ መስታወቱ ልቀቁ፤ ከሌለ ሁለቱንም የጎን መስታወት ሁለት ጣት ክፈቱ። በእጅ መጥረግ ቅባት ጥሎ ያባብሰዋል። ስፖኪዮ ላይ ያረፈውን ጠብታ ለመጥረግ ደረቅ ጨርቅ በር ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

መቼ እንደገና ይለካ?

ጎማ በተለየ መጠን ሲለወጥ፣ የጭነት ሳጥኑ ሲረዝም ወይም ሲሰፋ፣ ስፖኪዮ ሲቀየር፣ አዲስ ሹፌር ሲመጣ። የጭነት መኪና ባዶና ሙሉ ሲሆን አፍንጫው ከፍና ዝቅ ስለሚል ሁለቱንም ለኩና ወረቀቱ ላይ ለየብቻ ጻፉ። ስፖኪዮው እየተንቀጠቀጠ ምስሉ የሚደበዝዝ ከሆነ መጀመሪያ ማሰሪያ ብሎኑን አጥብቁ። ካልቆመ የመገጣጠሚያው ጎማ አልቋል፤ ሳይለወጥ መለካቱ ዋጋ የለውም።